ጋሽ ሽብሩ እና የፓምፑ ቆዳ

ጋሽ ሽብሩ ማረፉን የነገረችኝ ልጁ ጽጌ ናት። ጠዋት መካኒሳ ቤቴ ድረስ መጥታ፣ ሳታንኳኳ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ያን ካየሁ በኋላ ምንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ተቃቅፈን ካለቀስን በኋላ ከቦርሳዋ ሁለት ገጽ የደብተር ወረቀት አወጣች። የሕይወት ታሪኩ ነው። ቀብሩ በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ብስራተ ገብርኤል ስለሆነ እስከዚያ ቋንቋውን አቃንቼ በደንብ እንድጽፍላት ፈልጋለች። ዕድሜዬን በጸሐፊነት ስለፈጀሁ በሰፈራችን የሞተ ሰው ሁሉ በእኔ ጣት ሳያልፍ አይቀበርም።

አነበብኩት። እንደማንኛውም የሕይወት ታሪክ ነው፤ ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አገለገሉ፣ ደግና ሰው አክባሪ ነበሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ክፍት ቦታ አለ። «አባታቸው አቶ ወልዴ» ይልና ትንሽ ዘልሎ «ነበሩ» ይላል። መሐሉ የለም።

ምነው ብላት የእናቷ ወንድሞች «ገበሬ» ብለሽ ጻፊ እንዳሏት ነገረችኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ አልኳት። እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት አለች።

ሌላውን ሁሉ አቃንቼ ጻፍኩላትና ያንን ቦታ እንደነበረ ተውኩት። የሚመስልሽን በእጅሽ ትሞይበታለሽ ብዬ ሰጠኋት። ተናድጄ ነበር። በእሷ ይሁን፣ በአጎቶቿ ይሁን፣ በራሴ፣ እስካሁን አላውቅም።

ከጋሽ ሽብሩ ጋር የሠራነው ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ንፋስ ስልክ አካባቢ በነበረ አንድ የውሃ ፓምፕ ጥገና ድርጅት ውስጥ ነው። እሱ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ እኔ የግዢ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ፓምፖቹ ገጠር ጉድጓድ ላይ የሚተከሉ፣ በእጅ የሚሠሩ፣ አንድ የአውሮፓ መንግሥት በእርዳታ የሰጠን ናቸው። ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ደረታቸው ላይ የሰጪው አገር ባንዲራ ተለጥፎባቸዋል። ጥሩ ፓምፖች ነበሩ፤ ዋሽቼ ኃጢአት አልገባም።

ጋሽ ሽብሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራጫ ጋዋኑን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። ከውጭ ሣጥን ሲመጣ ከመቁጠሩ በፊት ያሸታል። ብረት ያሸታል፣ ጎማ ያሸታል፣ መጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር ያሸታል። ወረቀቱ እርጥበት እርጥበት ካለው «ይሄ አሰብ ላይ ብዙ ተኝቷል» ይላል። ሰነዱን ስናየው እውነት ሆኖ እናገኘዋለን። ዕቃ የሚረከበው በአፍንጫው ነው እያልን እንቀልድበት ነበር። የሣጥኖቹን እንጨት ማንም እንዲያነድ አይፈቅድም፤ ሚስማሩን እየነቀለ ድንጋይ ላይ ያቃናል፣ ከእንጨቱ መደርደሪያና ወንበር ያሠራል። እኔ የምቀመጥበት ወንበር መደገፊያ ላይ በፈረንጅ ፊደል «ስጦታ» የሚል ተጽፎበት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ስጦታ ተደግፌ ደብዳቤ ጻፍኩ።

አንድ ነገሩ ግን አይገባንም ነበር። ምሳ ሰዓት ሁላችንም የያዝነውን አንድ ትሪ ላይ ገልብጠን አብረን ስንበላ እሱ አይቀርብም። የአሉሚኒየም ምሳ ዕቃውን ይዞ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ይሄድና ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ይበላል። ና ብንለው «ብሉ፣ ይባርክላችሁ» ብሎ ያልፋል። ቋጣሪ ነው አልን። እኔማ አፍ ስላለኝ፣ ዶሮ ወጥ እያመጣ ነው የሚደብቀን ብዬ ሁሉን አስቄአለሁ። ምላሴን በቆረጠው።

እርዳታው ጭራ ነበረው። ውሉ ላይ፣ ለፓምፖቹ መለዋወጫ የሚገዛው ከዚያው አገር፣ ከዚያው ፋብሪካ ብቻ ነው ይላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መለዋወጫውም በነፃ ይመጣ ነበር። ቀጥሎ ግማሹን እኛ ቻልን። በመጨረሻ የእርዳታው ዘመን አለቀና ሁሉንም በራሳችን የውጭ ምንዛሪ የምንገዛ ሆንን፤ ባንዲራው ግን ከፓምፑ ደረት አልተነሳም። ደብዳቤዎቹን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ምንዛሪ እንዲፈቀድ ለባንክ፣ ድጋፍ እንዲሰጠን ለሚኒስቴር፣ ቶሎ እንዲልኩ ለፋብሪካው፣ እንዲለቁልን ለወደብ። አንድ ሣጥን ዘጠኝ ወር የሚፈጅበት ጊዜ ነበር፤ እኔ በዘጠኝ ወር ልጅ ወልጃለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን ደግሞ ትንሿ ዕቃ ናት። ፓምፑ ሆድ ውስጥ ገብታ ውሃውን ወደ ላይ የምትስብ፣ የሲኒ ቅርጽ ያላት ቆዳ ነበረች፤ እኛም ሲኒ ነበር የምንላት። ዓመት ስትሠራ ታልቃለች። እሷ ካለቀች ፓምፑን ቀኑን ሙሉ ብትገፋው የሚወጣው አየር ነው።

ጋሽ ሽብሩ በዚህ ነገር ላይ የራሱ አባባል ነበረው። «ላም የሰጠህ ሰው ገመዱን ዘላለም ከኔ ግዛ ካለህ፣ አላቢው እሱ ነው» ይላል። ይህንኑ የሰጪው አገር መሐንዲስ ለነበረው ለሚስተር ያን ተርጉሚልኝ አለኝና በፍርሃት ተረጎምኩለት። ሚስተር ያን ጥሩ ሰው ነበር፤ በውይይት ታክሲ ተጋፍቶ የሚመጣ፣ ሽሮ የሚወድ። ሳቀና፣ አገሩ ውስጥ ፋብሪካው ካልሸጠ ሠራተኛው እንደሚያጉረመርም፣ ሠራተኛው ካጉረመረመ ደግሞ መንግሥቱ ለማንም ምንም እንደማይሰጥ አስረዳን። ጋሽ ሽብሩ «እውነቱን ነው፤ እነሱም ቤት ልጅ አለ» አለ። ሰውን መጥላት አያውቅበትም ነበር።

አንድ ቀን አዲስ ሣጥን ከፍቶ ጠራኝ። ከሲኒዎቹ አንዷን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ብርሃኑ ያዘነብላታል። ጠርዟ ላይ እንደ ጥፍር ጫፍ የተቆለመመ ጠባሳ አለ።

«ይህን ታያለሽ? ተኩስ ነው» አለኝ። «ይሄ በሬ ታሞ በጋለ ብረት ተተኩሷል። እንዲህ አድርጎ የሚተኩስ የኛ ገበሬ ነው።»

እኔ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ጥሬ ቆዳችንን በመርከብ ጭነን እንሸጥላቸዋለን፣ እነሱ አልፍተው፣ ቆርጠው፣ ሲኒ አድርገው መልሰው ይሸጡልናል አለ፤ የአንዷ ሲኒ ዋጋ እዚህ ሙሉ ቆዳ ይገዛል። ሚስተር ያን ሲጠየቅ፣ ፋብሪካው ከብዙ አገር ስለሚገዛ የእኛ ይሁን አይሁን ማወቅ አይቻልም አለ። ጋሽ ሽብሩ ግን ቆዳው የጀርባ እንደሆነ፣ የለፋውም በኬሚካል ሳይሆን በዛፍ ቅርፊት እንደሆነ ነገረኝ። በምን አወቅህ አልኩት። ሲኒዋን ሣጥኗ ውስጥ መለሰና «ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው» አለ።

በዓመቱ ምንዛሪ ጠፋ። ትእዛዛችን ባንክ ላይ ተኛ። ፓምፖቹ አንድ በአንድ አየር መትፋት ጀመሩ። የዚያን ሰሞን እማማ ድንቄ የሚባሉ ባልቴት ከገጠር በጭነት መኪና መጡ። የቀበሌያቸው ሰዎች ለውሃው ጉዳይ መርጠው ልከዋቸዋል። ያለቀችውን ሲኒ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይዘዋታል። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ንጉሤ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ እሳቸውንም ወንበር ሰጥቶ፣ ለባንኩ የጻፍናቸውን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ያሳያቸው ጀመር።

«ልጄ፣ እኔ ወረቀት ልጠይቅ አልመጣሁም» አሉት። «ወደ ወንዙ ከተመለስን ሦስት ልጅ ቀብረናል።»

ከዚያ ሁሉም የሞከረውን ይናገር ጀመር። አንዱ መካኒክ ከመኪና ጎማ ቆርጦ ሠርቶ ነበር፤ ቧንቧው ውስጥ ነክሶ ቀረ። ሌላው ከመርካቶ የጫማ ሶል ቆዳ ገዝቶ ሞክሯል፤ በግማሽ ቀን አብጦ እንደ ገንፎ ላመ። በዚህ መሐል አንዱ «ይሄ እንኳ የፋቂ ሥራ ነው» አለና ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ያ ሳቅ ምን እንደሆነ ልናገር። ቆዳ የሚያለፋውን ሰው አገራችን ፋቂ ይለዋል፤ ቃሉ ግን የሙያ ስም ሳይሆን ስድብ ነበር። ጫማውን፣ ወንበሩን፣ መጫኛውን ከእጁ ይቀበላል፣ ልጁን ግን አያገባም፣ ከእሱ ጋር አይበላም፣ ቡዳ ነው ይለዋል። ከተማ ገባን፣ ተማርን ብንልም ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይቆጠራል። ስለዚህ ያን ሁሉ ጊዜ መርካቶ ለመርካቶ ስንዞር፣ አንዳችንም ፋቂ ፈልገን ለመጠየቅ አላሰብንም። ፈረንጅ አገር ደብዳቤ መጻፍ ቀለለን።

ጋሽ ሽብሩ መዝገቡን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ያልተለመደ ፈገግታ ይዞ፣ ጽጌን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው እንደነበርና የሚመጣው እሑድ ለመልሱ እንደሚመለሱ ነግሮኛል። አንድ ልጁ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ያሳደጋት።

«አባቴ ፋቂ ነበር» አለ። «እኔም አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላኝ አብሬው ፍቄያለሁ። ቆዳና የግራር ቅርፊት ግዙልኝ፣ ሲኒዋን እሠራታለሁ።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከጎኑ የነበረው መካኒክ ወንበሩን ትንሽ ሸሸት አደረገ። አቶ ንጉሤ መነጽሩን ይወለውላል። እኛ የሰማነውን ሽማግሌዎቹም በቀናት ውስጥ እንደሚሰሙት ጋሽ ሽብሩ ያውቃል። አውቆ ነው የተናገረው። እኔ በበኩሌ የምሳ ዕቃው ነገር በዚያች ቅጽበት ገባኝና ፊቴ ነደደ።

ይህ ሁሉ ገብቶኝም ግን ምን እንዳደረግሁ ልናዘዝ። በማግስቱ ሻይ ስቀዳ የእሱን ብርጭቆ ከሌሎቹ ለይቼ አስቀመጥኩ። ማንም አላዘዘኝም። እጄ ነው ያደረገው ልል አልኩና፣ እጄስ የማን ነው?

ግምጃ ቤቱ ጀርባ ሁለት በርሜል አስቆረጠ። ቆዳውን ነከረ፣ ፀጉሩን ፋቀ፣ ቅርፊት ውስጥ ደፈቀው። ሽታው ቢሮ ድረስ ይመጣል፤ ሰዉ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ያልፋል። እማማ ድንቄ ከተማ ዘመድ ቤት አርፈው በየጠዋቱ ይመጡ ነበር። እሳቸው አገር የፋቂ ግቢ የሚረግጥ የለም። መጀመሪያ ቀን ከሩቅ ቆመው አዩት። ሁለተኛ ቀን ቀሚሳቸውን ሰብስበው በርሜሉ አጠገብ ተቀመጡና «ጉድጓዱ የኔ ነው፣ ፀጉሩንም አብሬ እፍቃለሁ» ብለው ቢላዋ ተቀበሉት። እኔ በመስኮት አየኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ትሪውን ትቼ ወደ ጀርባ ሄድኩ። ሣጥኑ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሳልጠይቀው ምሳ ዕቃው ውስጥ እጄን ከተትኩ። ዶሮ የለም። ሽሮ ነበር፤ ያውም የቀዘቀዘ። ጋሽ ሽብሩ ጉርሻዬን እስክውጥ ጠበቀ።

«ሰው ሳያውቅ አብሮኝ ከበላ፣ ያወቀ ቀን የበላውን ይጸየፈዋል» አለኝ። «አባቴ ነው ብቻህን ብላ ያለኝ። ሰው አታስቀይም ብሎ።»

ያን ሁሉ ዓመት ግንብ እያየ የበላው ለእኛ ብሎ ነው። ቋጣሪ ያልነው ሰውዬ። አለቀስኩ፤ ሽሮው ላይ እንዳላለቅስ ብቻ ፊቴን አዞርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሲኒዎች ተሰነጠቁ። ፀሐይ ላይ አድርቋቸው ነበርና «አባቴ ቢያይ በጥፊ ነበር የሚለኝ» አለ። የቶርኖ ሠራተኛው፣ ጫማ ሰሪዎች ፎርማ የሚሉትን ዓይነት፣ ለሲኒዋ ልክ የሚሆን ብረት ቀረጸለት። እርጥቡን ቆዳ በእሱ ጨምቆ፣ ጥላ ላይ አድርቆ፣ በሞራና በሰም ቀቀለው። ከዚያ ግቢያችን ውስጥ ባለው የመሞከሪያ ጉድጓድ ላይ ገጥሞ ራሱ ይገፋ ጀመር። ውሃው ወጣ። በማግስቱም ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ መካኒኮቹ ሳይታዘዙ እየተቀባበሉ ገፉት፣ አልደከመችም። እማማ ድንቄ ሲኒዎቻቸውን ነጠላቸው ላይ ቋጥረው፣ የጋሽ ሽብሩን እጅ ስመው ሄዱ። እጁ በቅርፊቱ ጠቁሮ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ግን በተቀጠሩበት እሑድ፣ ቆዳው ገና በርሜል ውስጥ ሳለ፣ አልመጡም። የሚቀጥለውም እሑድ አልመጡም። ጽጌ ልብሷን ይዛ አጎቶቿ ቤት ገባች። ስትወጣ ያለችውን ጋሽ ሽብሩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እዚያው ሣጥን ላይ ነግሮኛል። «ለሰው ጉድጓድ ስትከፍት እኔን ቀበርከኝ» ነው ያለችው። እንዲህ ስለሆነ ትጸጸታለህ ወይ አልኩት። ስለ ልጁ ሌሊትና ቀን እንደሚጸጸት፣ ስለ ሲኒዋ ግን እንደማይጸጸት ነገረኝ። ሁለቱንም እኩል እውነት አድርጎ መሸከም እንዴት እንደቻለ አላውቅም፤ እኔ ብሆን አንዱን እጥል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ የእርዳታ ውል መጣ። አዲስ ፓምፖች፣ ያው አንቀጽ፤ መለዋወጫ ከፋብሪካው ብቻ። አቶ ንጉሤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መቶ ፓምፕ እንዳይቀርብን ፈራ። የጋሽ ሽብሩ ሲኒዎች ከግምጃ ቤቱ እንዲወጡ አዘዘ። ይጣላዋል ብዬ ጠበቅሁ። ጋሽ ሽብሩ ግን «ፓምፑን ተቀበሉ፣ ውሃ ነው፤ ምስጋናም ይገባቸዋል» አለና የዓመት ፈቃድ ጠየቀ። ፎርማውን በጆንያ ጠቅልሎ እማማ ድንቄ አገር ወረደ። ከመንደሩ ጫፍ፣ ሰው ከማይደርስበት፣ ሁለት ፋቂዎች ነበሩ። እነሱን አስተማረ። በሚቀጥለው ፈቃዱ ሌላ ወረዳ ሄደ፣ በሚቀጥለውም ሌላ። የድርጅቱ ሰው እረፍት ሲወጣ ሶደሬ ይሄዳል፣ እሱ በርሜል ይዞ ይዞራል።

ሚስተር ያን ይህን ያውቅ ነበር። አንድ ቀን የሲኒዋን ሙሉ ልክ የያዘ የፋብሪካውን ንድፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶ ጋሽ ሽብሩ ጠረጴዛ ላይ ረሳው። መርሳቱን ደግሞ ሁለት ጊዜ ነገረኝ፣ በደንብ እንዲገባኝ።

ዓመታት ሲያልፉ የብረት መለዋወጫ ከፋብሪካው መግዛታችን አልቀረም፤ የሲኒ ጥያቄ ግን ከየወረዳው መምጣት አቆመ። በመጨረሻ ፋብሪካው ራሱ ጻፈ። ሲኒ ማዘዝ ያቆማችሁበትን ምክንያት ብትገልጹልን ይላል። አቶ ንጉሤ ደብዳቤውን ሰጠኝና፣ አንቺ የምታውቂውን ጻፊ ብሎ ወጣ። «ስለ እስካሁኑ እናመሰግናለን፤ ለጊዜው አያስፈልገንም» ብዬ ጻፍኩ። ስጦታ የሚለውን ወንበሬን ተደግፌ፣ ሁለቴ አነበብኩት።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር። ከገጠር የመጡ፣ ማንም የማያውቃቸው ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ጥግ ቆመዋል። ጽጌ ወረቀቱን ይዛ ስትወጣ ክፍቱን ቦታ በምን እንደሞላችው አላውቅም ነበር። ሁለተኛውን መስመር አነበበች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አንገቷን ቀና አደረገች።

«አባታቸው አቶ ወልዴ ፋቂ ነበሩ» አለች። «አባቴም ፋቂ ነበር።»

ይህ ሁለተኛው አባባል ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ከአጎቶቿ አንዱ አንገቱን ደፋ። አጥሩ ጥግ የነበሩት ሰዎች ግን ወደ ፊት መጡና ከሰዉ ጋር ተቀላቅለው ቆሙ።

ድንኳን ውስጥ ምግብ ሲቀርብ ሳህኔን ይዤ አንድ ጥግ ተቀመጥኩ። ጽጌ መጣች። ሳህኔን ከፊቴ አነሳችና የራሷን በመሐላችን አስቀመጠች። ከአባዬ ጋር መጀመሪያ የበላሽው አንቺ እንደሆንሽ ነግሮኛል አለችኝ። ምስጋናውን መቀበል አቃተኝ። ስለ ብርጭቆው ነገርኳት። ከዚያም፦

«እኔ እኮ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል» አልኳት።

ጽጌ እንጀራውን ቆርሳ ጠቀለለችና ወደ አፌ አመጣችው።

«እኔ ወደ አባዬ ለመመለስ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለች። «ብዪ።»